የገና ጌጥ መቼ ይውረድ? ለሰሜን ሸዋ ቤቶች የታሰበ ዝርዝር መመሪያ

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ደብረ ብርሃን ውስጥ በተከራየሁት ቤት፣ የገናን ጌጥ ጥር 2 ቀን አወረድኩ። ለበዓል ከውጭ አገር የመጣ ዘመዳችን «ጃንዋሪ 6 ካለፈ ጌጥ ቤት ውስጥ አይቆይም» ሲል ሰምቼ ስለነበር ቀኑ ያለፈብኝ መስሎኝ ቸኮልኩ። በማግስቱ ቡና የጠራናቸው የጎረቤት እናት ገና ሲገቡ ባዶውን ጥግ አዩና «ምነው ልጄ፣ ታቦቱ ሳይወጣ ቤቱን ምን አራቆተው?» አሉኝ። ትክክል ነበሩ። በአገራችን ልደትና ጥምቀት በ12 ቀን ልዩነት የሚከታተሉ፣ እንግዳውም ደስታውም ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሻገርባቸው በዓላት ናቸው፤ እኔ ግን መንገዱ ሳይጋመስ መብራቱን አጥፍቼ ነበር።

በሌላ በኩል ደግሞ ጌጡ እስከ የካቲት መጨረሻ የሚሰነብትባቸው፣ ጥዱ ደርቆ ምንጣፉ ላይ የሚራገፍባቸው፣ የመብራቱ ገመድ ቀንና ሌሊት ከሶኬት የማይነቀልባቸው ቤቶች አሉ። ይህን መመሪያ የጻፍኩት በሁለቱ መካከል ያለውን ተገቢ ቀን እያንዳንዱ ቤተሰብ ለራሱ እንዲያገኝ ነው። የምመራበት አሳብ ይህ ነው፦ የቤቱን ቀን የሚወስነው በዓሉ ሲሆን፣ የእያንዳንዱን ጌጥ ቀን የሚወስነው ግን ጌጡ የተሠራበት ነገር ነው፤ ሁለቱ ሲጋጩም የሚደርቀውና እሳት የሚይዘው ነገር ቀድሞ ይወርዳል።

መጀመሪያ ቆጠራውን ማስተካከል

ልደትን ዲሴምበር 25 በሚያከብሩ አገሮች ጌጥ የሚወርድበት የተለመደው ጊዜ ከበዓሉ 12 ቀን በኋላ፣ ጃንዋሪ 5 ወይም 6 ነው። እስከ ፌብሩዋሪ 2 የሚያቆዩትም አሉ። እነዚህን ቀኖች እንዳሉ ወደ ቤታችን ብናስገባቸው ግን አይሠሩም፤ ምክንያቱም ጃንዋሪ 6 ማለት የእኛ ልደት ዋዜማ ነው። ያን ቀን እኛ ጌጥ የምንሰቅልበት እንጂ የምናወርድበት አይደለም።

ሆኖም የ12 ቀኑ አሳብ ዋጋ የለውም ማለቴ አይደለም። እነርሱ 12 ቀን የሚቆጥሩት ከልደት ተነሥተው እስከ አስተርእዮ፣ ማለትም እስከ ጌታ መገለጥ በዓል ለመድረስ ነው። እኛም ያንኑ ምክንያት ይዘን ከታኅሣሥ 29 ብንቆጥር የምንደርሰው ጥር 11 ላይ፣ ማለትም ጥምቀት ላይ ነው። ስለዚህ ከሌላ አገር የምንወስደው ነገር ካለ ቀኑን ሳይሆን ምክንያቱን ይሁን።

እዚህ ላይ አንድ ትንሽ ልዩነት መታወቅ አለበት። ልደት በዘመነ ማቴዎስ፣ በዘመነ ማርቆስና በዘመነ ሉቃስ ታኅሣሥ 29 ቀን ሲውል፣ በዘመነ ዮሐንስ ግን ታኅሣሥ 28 ቀን ይውላል፤ ጥምቀት ሁልጊዜ ጥር 11 ስለሆነ በዚያ ዓመት በሁለቱ በዓላት መካከል ያለው ጊዜ በአንድ ቀን ይረዝማል። 2016 ዓ.ም. ዘመነ ዮሐንስ ነበር፤ 2020 ዓ.ም.ም እንዲሁ ይሆናል። ለፕላስቲክ ዛፍ አንድ ቀን ምንም አይደለም፤ እርጥብ ጥድ ለቆረጠ ቤተሰብ ግን ይቆጠራል።

ለቤቱ የሚስማማውን ቀን መምረጥ

የገና ዛፍ ከአባቶቻችን የወረስነው ሥርዓት አይደለም፤ ቤተ ክርስቲያን የሚወርድበትን ቀን አልደነገገችም። ስለዚህ «ይህ ቀን ካለፈ ኃጢአት ነው» ወይም «ገድ ያጠፋል» የሚል አባባል የሚያስጨንቀው ሰው ካለ ልቡን ያሳርፍ። የበዓላቱ ተራ ግን ለውሳኔ የሚያመቹ ምዕራፎችን ያስቀምጥልናል።

የመጀመሪያው ግዝረት ነው። ከልደት 8ኛው ቀን በመሆኑ ጥር 6 ይውላል። ቤታቸው ጠባብ ለሆነ፣ ጥር ላይ ውቂያ ያልጨረሱና የእህሉን ጆንያ የሚያስቀምጡበት ጥግ ለሚያስፈልጋቸው፣ ወይም ጥምቀትን ወደ ወላጆቻቸው አገር ሄደው ለሚያከብሩና ቤታቸውን ዘግተው ለሚወጡ ሰዎች ይህ ቀን ይስማማል። ማንም የማይኖርበት ቤት ውስጥ ጌጥ ተሰቅሎ መቆየቱ ለማንም አይጠቅምም። በማግስቱ ጥር 7 ሥላሴ ስለሆነ፣ በተለይ የሥላሴ ደብር ባለባት በደብረ ብርሃን፣ ሥራውን ጥር 6 ማታ ጨርሶ ማደር ይሻላል።

ሁለተኛው፣ እኔም ለአብዛኛው ቤት የምመክረው፣ ከጥምቀት በኋላ ነው። ጥር 10 ከተራ፣ ጥር 11 ጥምቀት፣ ጥር 12 ቃና ዘገሊላ ነው፤ የሚካኤል ታቦትም ወደ መንበሩ የሚመለሰው በዚሁ በ12 ነው። እነዚህ ሦስት ቀኖች በሰሜን ሸዋ ቤት የሚዘጋባቸው አይደሉም። ታቦት ሸኝቶ የተመለሰ ዘመድ እግረ መንገዱን ይገባል፤ ልጆች በአዲስ ልብሳቸው ከቤት ቤት ይዞራሉ፤ ጠላው ተቀድቶ፣ ዳቦው ተቆርሶ ይቀርባል። ምንጃር ሸንኮራ ውስጥ ኢራንቡቲ ላይ ብዙ ታቦታት በአንድነት ስለሚያድሩ፣ በዚያ አካባቢ ያለ ቤተሰብ ከሩቅ የመጣ እንግዳ ሲያስተናግድ ይሰነብታል። ለገና የተሰቀለው ኮከብና መብራት ለዚህ እንግዳም ያገለግላል። ስለዚህ ከጥር 13 ጀምሮ ያለውን የመጀመሪያ ክፍት ቀን የማውረጃ ቀን አድርጎ መያዝ ተገቢ ነው።

ሦስተኛው ከልደት 40ኛው ቀን፣ የካቲት 8፣ ሕፃኑ ጌታ ወደ ቤተ መቅደስ የገባበትና አረጋዊው ስምዖን የታቀፈበት የስምዖን በዓል ነው። የልደትን ነገር እስከ መጨረሻው ለመከተል ለሚፈልግ ቤተሰብ መልካም ትርጉም አለው፤ ነገር ግን ለፕላስቲክ ዛፍና ለወረቀት ጌጥ እንጂ ለቆረጡት ጥድ ፈጽሞ አይሆንም። ጥር የሰርግ ወር በመሆኑም ቤቱ ውስጥ የሚዳር ልጅ ካለ መብራቱንና ጨርቁን ለዳሱ ማቆየት ብልህነት ነው። እንዲህ ከሆነ ግን ዛፉን ፈታትተው መብራቱን ብቻ ያስቀሩ፤ ሙሽራ የገና ዛፍ ሥር ተቀምጣ ፎቶ ስትነሣ አይቻለሁ፣ ለሁለቱም በዓል አያምርም።

የጾሙን መግቢያ ማየት

ይህን ደረጃ ብዙ ሰው ይዘልለዋል። ጾመ ነነዌና ዐቢይ ጾም እንደ ልደት ቋሚ ቀን የላቸውም፤ በባሕረ ሐሳብ፣ በቤተ ክርስቲያን የዘመን ቆጠራ ስሌት፣ ተሰልተው ይወጣሉ። ነነዌ ቶሎ ሲገባ ጥር 17 ይጀምራል፣ ሲዘገይ ደግሞ የካቲት 21። ዐቢይ ጾም በበኩሉ ከየካቲት 1 አይቀድምም፣ ከመጋቢት 5 አያልፍም።

ከዚህ የሚከተለውን ልብ ይበሉ። ጾሙ ቶሎ በሚገባበት ዓመት ከቃና ዘገሊላ እስከ ነነዌ ያለው ጊዜ ጥቂት ቀን ብቻ ነው፤ የካቲት 8 ደግሞ ዐቢይ ጾም ውስጥ ሊወድቅ ይችላል። ቤቱ በጾም ሱባዔ ላይ ሆኖ ግድግዳው ላይ ፊኛና ብልጭልጭ መኖሩ የሚረብሸው ሰው ብዙ ነው፤ እኔም አንዱ ነኝ። ስለዚህ የስምዖንን ቀን ከመምረጥዎ በፊት የዓመቱን የበዓላት መቁጠሪያ ከፍተው ነነዌ መቼ እንደሚገባ ይመልከቱ። አጽዋማቱ መስከረም 1 ቀን በቤተ ክርስቲያን ስለሚታወጁ፣ የዚያን ዕለት ቀኑን ጽፎ መያዝ ታኅሣሥ ላይ ከመጠየቅ ያድናል። የዓመቱ ነነዌ ከስምዖን የሚቀድም ከሆነ፣ ነነዌ ከሚገባበት ሰኞ በፊት ያለውን ቅዳሜ የመጨረሻ ቀን ያድርጉት።

ጥዱን መመርመር

ከሁሉ በላይ ጥንቃቄ የሚፈልገው ይህ ነው። የቤቱን ቀን ምንም ቢመርጡ እርጥብ ጥድ የራሱ ቀን አለው፤ ያም ቀን የሚታወቀው በመቁጠሪያ ሳይሆን በእጅ ነው።

በእኛ አካባቢ ለገና የሚቆረጠው በአብዛኛው የፈረንጅ ጥድ ነው። (የሀበሻ ጥድ የሚቆርጥ ሰው ቢኖር፣ በተለይ እንደ ወፍ ዋሻ ካለ የተፈጥሮ ደን፣ እባክዎ ይተውት፤ ያ ዛፍ ለማደግ የፈጀው ዘመን ለ15 ቀን ጌጥ የሚሰጥ አይደለም። ከግቢ አጥር የተከረከመ የፈረንጅ ጥድ ቅርንጫፍ ለጌጥ በቂ ነው።) የሁለቱም ቅጠል ጥቃቅንና እርስ በርሱ የተደራረበ በመሆኑ መድረቁ ከሩቅ አይታይም፤ ቀለሙ ለቀናት አረንጓዴ መስሎ ይቆያል። ስለዚህ ዐይንን ብቻ ማመን አይገባም።

ምርመራው እንዲህ ነው። ከልደት ማግስት ጀምሮ በየ3 ቀኑ፣ ከዛፉ መካከል አንድ ቅርንጫፍ በሙሉ መዳፍ ጨብጠው ወደ ራስዎ ቀስ ብለው ይሳቡት። ቅጠሉ ከቅርንጫፉ ጋር ከቀረ፣ ጣትዎም ላይ የጥድ ሽታ ከተወ፣ ገና አልደረቀም። መዳፍዎን ሲከፍቱ ደቃቅ ቅጠል ከተራገፈ፣ ሲያሹትም ከደቀቀ ደርቋል። ቀጥሎ የቅርንጫፉን ጫፍ ያጥፉት፤ እርጥብ ከሆነ ይታጠፋል፣ ደረቅ ከሆነ ይሰበራል። በመጨረሻ ከግንዱ ሥር ነጭ ወረቀት አንጥፈው ዛፉን አንድ ጊዜ ነቅነቅ ያድርጉት፤ ወረቀቱ ከተሸፈነ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም፣ በዚያው ቀን ይውጣ።

የሚደርቅበትን ፍጥነት የሚወስኑት ሦስት ነገሮች ናቸው። አንደኛው ውኃ ነው፦ ግንዱ ሲቆረጥ የሚወጣው ሙጫ የተቆረጠውን ፊት ስለሚደፍነው፣ ቤት ከደረሰ በኋላ እንደገና ሁለት ጣት ያህል ቆርጦ ወዲያው ውኃ ባለበት ባልዲ ውስጥ ማቆም ይገባል፤ ደረቅ አሸዋ በሞላበት ጣሳ የቆመ ጥድ ግን ጥምቀትን አረንጓዴ ሆኖ ያያል ብለው ተስፋ አያድርጉ። ሁለተኛው የቦታው አየር ነው፦ ከ2,800 ሜትር በላይ ባለችው ደብረ ብርሃን የጥር ውርጭ ቤቱን ስለሚያቀዘቅዘው ጥዱ ይቆያል፤ እንደ ሸዋ ሮቢትና ምንጃር ባለው ሞቃት አገር ግን ቶሎ ይደርቃል። ሦስተኛው ከሰል ነው፤ ደጋው ላይ ያለነው ሰዎች ብርዱን ለመቋቋም ማታ ማታ ማንደጃ ወደ ክፍሉ ስለምናስገባ የቅዝቃዜውን ጥቅም ራሳችን እናጠፋዋለን፤ በዚያ ላይ ብልጭታው አለ።

በአንድ ዓመት ጥር 9 ቀን የሆነውን ልንገራችሁ። ለበረዶ አምሳያ ቅርንጫፉ ላይ የዘረጋሁት ጥጥ አቧራ ስለያዘ ላነሣው ጫፉን ያዝ አድርጌ ሳብኩት። ጥጡ ብቻውን አልመጣም፤ የቅርንጫፉን ቅጠል በሙሉ ይዞ መጣ፣ በእጄ ላይ የቀረው ጥጥ ከሥሩ በቡናማ ትቢያ ተሸፍኖ ነበር፣ እንጨቱም ራቁቱን ቀረ። የቡናው ከሰል ከዚያ አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት ተቀጣጥሎ ነበር፤ ልጆቹም በመካከሉ ይሯሯጡ ነበር። ጥምቀት ሁለት ቀን ቢቀረውም ጥዱን በዚያው ከሰዓት ከቤት አወጣሁት፤ ኮከቡንና መብራቱን ግን መስኮቱ ላይ መልሼ ሰቀልኩ። እንግዶቻችን ጥዱ የት ሄደ ብለው አልጠየቁም። ዛፉ ሲወርድ ሁሉም ጌጥ አብሮ መውረድ አለበት የሚል ግዴታ እንደሌለ ያወቅሁት ያን ቀን ነው።

የመብራቱ ገመድ

አምፖሉ ሲነካ የሚሞቅ የድሮ ዓይነት ከሆነ፣ ቢዘገይ ጥር 12 ማታ ይውረድ፤ ከእርጥብ ጥድና ከጥጥ ላይ ደግሞ ከዚያም በፊት ይነሣ። የአሁኖቹ ኤልኢዲ መብራቶች ብዙም ስለማይሞቁ በፕላስቲክ ዛፍ ላይ ሊሰነብቱ ይችላሉ። ከአምፖሉ ይልቅ የሚያሰጋው ግን ገመዱና ማከፋፈያው ነው። መብራት ሄዶ ሲመለስ ኃይሉ አንዳንዴ በርትቶ ስለሚመጣ፣ በጠፋ ጊዜ ሶኬቱን መንቀልና ከተመለሰ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ መልሶ መሰካት ልማድ ይሁን። ሲተኙና ከቤት ሲወጡ ይነቀላል፤ በከተራ ዕለት ቤተሰቡ በሙሉ ታቦት ለመሸኘት ሲወጣ ይህ በተለይ ይረሳል። ገመዱ የተላጠበት ቦታ ካለ፣ ማከፋፈያውም ሲነካ የሚሞቅ ከሆነ፣ የማውረጃው ቀን ዛሬ ነው።

ቄጤማ፣ ፊኛና ወረቀት

ቄጤማው ከሁሉ ቀድሞ ይነሣል፤ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ጠውልጎ መሽተት ሳይጀምር ተጠርጎ ለከተራ በአዲስ ይተካል። ፊኛ ሲሟሽሽ ይወርዳል። የወረቀት ጌጥ እስከ ቤቱ ቀን ይቆያል።

የማውረጃውን ሰዓት መምረጥና ሥራውን መሥራት

ቀኑ እሑድ ወይም ቤተሰቡ የሚያከብረው የወር በዓል አይሁን። ጥር በዓል የሚበዛበት ወር ነው፤ ጥር 18 ጊዮርጊስ፣ ጥር 21 አስተርእዮ ማርያም አለ። ሥራው ቀላል ቢሆንም አረጋውያን ወላጆች ባሉበት ቤት በበዓል ቀን መሰላል ማቆም ያስከፋል።

ደጋው ላይ ያላችሁ ሰዎች ሥራውን በጠዋት አትጀምሩት። ፕላስቲክ በብርድ ይደርቃል፤ የመብራቱ ገመድ ሲጠቀለል አልታዘዝ ይላል፣ የዛፉ ቅርንጫፍ ከማጠፊያው ይሰነጠቃል፣ ግድግዳ ላይ የተለጠፈው ፕላስተርም ቀለሙን ይዞ ይላቀቃል። ፀሐይ ክፍሉን ካሞቀችው በኋላ፣ ከ6 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ ሁሉም ይላላል።

ቅደም ተከተሉ የሚከተለው ነው። ሶኬቱ ይነቀላል። የሚሰበሩት ኳሶች አንድ በአንድ ወርደው በጋዜጣ ይጠቀለላሉ። ጥጡ ይነሣል። ከዚያ መብራቱ ከላይ ወደ ታች ሳይሆን መጨረሻ ከታሰረበት ጫፍ እየተፈታ ይወርዳል፤ በኃይል ከተሳበ ቀጭኑ ሽቦ ከአምፖሉ ሥር ይበጠሳልና። የካርቶን ቁራጭ ላይ እየጠቀለሉ መሄድ በሚቀጥለው ዓመት ቋጠሮ ከመፍታት ያድናል። ልጆች ካሉ ኮከቡን እነርሱ ያውርዱት፤ ሲሰቀል የነበሩ ልጆች ሲወርድ ከቤት ውጭ ከሆኑ ተመልሰው ሲገቡ ያዝናሉ፣ ኮከቡን በእጃቸው ካስቀመጡት ግን የት እንዳለ ያውቃሉ።

የወረደውን ቦታ ማስያዝ

ደረቁን ጥድ ከመጣልዎ በፊት ብልጭልጩን ክር በሙሉ ይልቀሙለት። ይህን አጥብቄ የምለው ግቢ ውስጥ ከብትና በግ ላለበት ቤት ነው፤ ከፍግ ክምር ላይ የተጣለ ብልጭልጭና የፈነዳ ፊኛ በከብት ሆድ ገብቶ አይፈጭም፣ አይወጣምም። የጥዱ ቅጠልም ለመኖ አይሰጥ። ግንዱና ቅርንጫፉ ተቆራርጦ ለማገዶ ይውላል፤ ሙጫ ስላለው ብልጭታው ስለሚፈናጠር በጥቂት በጥቂቱ፣ ከቤት ውጭ ባለ ምድጃ ይነድ እንጂ በማንደጃ ክፍል ውስጥ አይግባ።

የጌታን ልደት ወይም እመቤታችንን የሚያሳይ የታተመ ሥዕል እንደ ሌላው ወረቀት አይቀደድም፣ ቆሻሻ ውስጥም አይገባም። ንጹሕ ከሆነ በንጹሕ ጨርቅ ተጠቅልሎ ይቀመጥ፤ ከተበላሸ የንስሐ አባትዎን ጠይቀው እርሳቸው በሚሉት መንገድ ያስወግዱት። በጸሎት ቦታ የተሰቀለው ሥዕለ አድኅኖ ግን ከጌጡ ጋር የሚወርድ አይደለም፤ በቦታው ይቆያል።

ካርቶኑ ከመሬት ከፍ ብሎ፣ ጭስ ከማይደርስበትና አይጥ ከማይገባበት ቦታ ይቀመጥ። አፉን ካሸጉ በኋላ ክዳኑ ላይ የወረደበትን ቀንና ምክንያቱን በእስክሪብቶ ይጻፉ፤ ከ3 እና ከ4 ዓመት በኋላ የቤትዎን ቀን ከማንም ሳይጠይቁ ከዚያ ያነቡታል። በእኔ ካርቶን ክዳን ላይ ያለው እንዲህ ይላል፦ «ጥር 2፣ ቸኩዬ። ጥር 14። ጥር 9 ጥዱ ደርቆ፣ የቀረው ጥር 13። ጥር 13፣ የፕላስቲክ ዛፍ፣ ሁለት አምፖል ተቃጥሏል።»